ምስሉ አለ፣ ድምፁ የለም፦ ካገለገለ ሞኒተር ጋር ያሳለፍኩት ክረምት

እንጀራዬ የሰው ድምፅ ማዳመጥ ነው። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ለጥናታቸው የቀዱትን ቃለ መጠይቅ ያመጡልኛል፣ እኔ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጠዋለሁ። ጎንደር የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች ሥራው አይጠፋም፤ ሰኔ ሲደርስማ ከማራኪ ግቢም ከቴዎድሮስ ግቢም «እባክሽ ለሰኞ ድረሺልኝ» የሚለው ይበዛል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅብኛል። ተናጋሪው ጥርሳቸውን የጨረሱ አባት ከሆኑ ደግሞ ከዚያም በላይ። ይህን ሁሉ ሰዓት ኢርፎን ወትፌ ስውል አምና ሐምሌ ላይ ጆሮዬ አመረቀዘ። ሐኪሟም «እስኪድን ድረስ ምንም ነገር እንዳታስገቢበት» አለችኝ። የላፕቶፔ የራሱ ስፒከር እንደሆነ ከተቀደደ ቆይቷል፤ ትንሽ ከፍ ሲደረግ ጣሳ ውስጥ እንደሚንከባለል ጠጠር ይንኳኳል።

«ታዲያ ለምን ስፒከር ያለው ሞኒተር አልገዛም?» አልኩ። ስክሪኑ ለዓይኔ፣ ስፒከሩ ለጆሮዬ። እንዲህ ብዬ የገባሁበትን ጉድ ነው የምነግራችሁ። የቴክኒሻን ትምህርት አይደለም፤ እኔ ሁለት ወር ያባከንኩበትን እናንተ በግማሽ ሰዓት እንድትጨርሱት ብዬ ነው።

ሞኒተሩን የገዛሁት ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከሚሸጡበት አንድ ሱቅ ነው። 24 ኢንች፣ ጥቁር፣ ጥጉ ላይ ትንሽ የተጫረ። «ስፒከር አለው?» አልኩት ሻጩን። «አለው እንጂ እህቴ፣ ስሚው!» ብሎ ዘፈን ለቀቀልኝ። ተሰማ። ከውጭ ባጃጁ ይጮሃል፣ የጎኑ ሱቅም የራሱን ዘፈን ከፍቷል፤ በዚያ ትርምስ መሃል ድምፅ መስማቴን እንጂ ከየት እንደሚወጣ አላጣራሁም። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ የዘፈነው ሞኒተሩ ሳይሆን የልጁ ላፕቶፕ ነበር። አታለለኝ አልልም፣ እሱም እንደኔ ሳያጣራ ቀርቶ ይመስለኛል። እናንተ ግን ስትገዙ መዳፋችሁን ሞኒተሩ ጀርባ ላይ አሳርፉ። ስፒከሩ እየሠራ ከሆነ ፕላስቲኩ ሲርገበገብ በእጃችሁ ይታወቃችኋል፤ ለዚህ የመንገዱ ጫጫታ አያግድም።

በእማዬ ጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ቤት አመጣሁት።

አብሮ የተሰጠኝ ኬብል ጫፉ ሰማያዊ፣ 15 ቀጫጭን ሹል ያለው፣ ግራና ቀኙ በብሎን የሚጠብቅ ነው። ቪጂኤ የሚባለው እሱ ነው። ሰካሁት፣ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ ድምፁ ግን ያው ከላፕቶፑ ጠጠሩ። አንድ ሙሉ ምሽት የላፕቶፑን ሴቲንግ ስነካካ አመሸሁ። ኋላ ሳውቀው የነካካሁት ሁሉ ከንቱ ነበር። ቪጂኤ በ1987 የወጣ የምስል መስመር ነው፤ በውስጡ ድምፅ የሚያልፍበት ሽቦ ጭራሽ የለውም። ነጭ ሰፊ ጫፍ ያለው ዲቪአይም እንዲሁ ለምስል ተብሎ የተሠራ ነው። ምስልና ድምፅ በአንድ ኬብል አብረው የሚሄዱት በኤችዲኤምአይና በዲስፕሌይፖርት ነው። ስለዚህ ሴቲንግ ከመክፈታችሁ በፊት ከሞኒተሩ ጀርባ ጎንበስ በሉና የኬብሉን ጫፍ እዩ።

አዳፕተር ካለ ደግሞ እሱን ጠርጥሩት። ቪጂኤን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጡት አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ትንሽ የኢርፎን ቀዳዳ ወይም ቀጭን የድምፅ ጭራ አላቸው። እሷን ከኮምፒውተሩ የኢርፎን ቀዳዳ ጋር ካላገናኛችሁ ድምፁ በየት ይገባል? ብዙ ሰው ጭራዋን ትርፍ ነገር መስላው ጠቅልሎ በላስቲክ ያስራታል። ላፕቶፓችሁ ዩኤስቢ ሲ ብቻ ካለው ሁሉም ቀዳዳ ምስልና ድምፅ እንደማያወጣ እወቁ፤ ለቻርጅና ለፋይል ብቻ የተሠራ አለ።

የእኔ ላፕቶፕ አሮጌ ስለሆነ ቪጂኤም ኤችዲኤምአይም ቀዳዳ አለው። በማግስቱ አራዳ ወርጄ የኤችዲኤምአይ ኬብል ገዛሁ። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ፣ እናንተም አድርጉት። የሞኒተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በስልኬ ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። «ስፒከር፦ 2 × 2 ዋት» ይላል። ተመስገን፣ ስፒከሩስ አለ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ብዙ ሞኒተሮች ስፒከር የላቸውም፤ ያላቸው የኢርፎን ቀዳዳ ብቻ ነው። ጀርባቸው ላይ የሚታየው ተርታ ቀዳዳም ብዙ ጊዜ የሙቀት መተንፈሻ እንጂ ስፒከር አይደለም። የሚያሳስተው ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው። ሞኒተር ሲሰካ ስለ ራሱ አጭር መረጃ ለኮምፒውተሩ ይልካል፤ መታወቂያ ማሳየት በሉት። ስሜ እንዲህ ነው፣ የምችለው የምስል መጠን ይህ ነው፣ ድምፅም እቀበላለሁ ይላል። የኢርፎን ቀዳዳ ብቻ ያለውም «ድምፅ እቀበላለሁ» ይላል፤ ልክ ነው፣ ይቀበላል፣ ተቀብሎ ግን ወደ ቀዳዳው ነው የሚያወጣው። ስለዚህ የሞኒተሩ ስም የድምፅ ዝርዝር ውስጥ መታየቱ ስፒከር ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። አንድ የማውቀው ተማሪ ስፒከር የሌለውን ሞኒተር «ሊያስተካክል» ብሎ ሁለት ጊዜ ዊንዶውስ አስጭኖበታል።

ወደ ራሴ ልመለስ። ኤችዲኤምአዩን ሰካሁ። ምስሉ መጣ። ቅጂውን ከፈትኩ፤ ጸጥ። የላፕቶፑ ጠጠር እንኳ ጠፋ። ያን ጊዜ ጭራሽ አበላሸሁት ብዬ ደነገጥኩ፤ አሁን ሳስበው ግን ደግ ምልክት ነበር። ኮምፒውተሩ ድምፅ የሚቀበል ሞኒተር ስላገኘ ድምፁን ከራሱ ስፒከር ወደ ሞኒተሩ አዙሮታል ማለት ነው።

እኔ ግን ይህን ስላላወቅሁ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ፍለጋ ገባሁ። የላፕቶፑን የድምፅ ድራይቨር፣ ሪልቴክ የሚለውን፣ በስልክ ፓኬጅ አወረድኩ፤ መሃል ላይ ተቋረጠ፣ እንደገና ፓኬጅ ገዝቼ አወረድኩ። አጠፋሁ፣ ጫንኩ፣ ሪስታርት አደረግሁ። ሁለት ቀን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። በኤችዲኤምአይ የሚሄደውን ድምፅ የሚልከው ምስሉን የሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ ነው፤ ድራይቨሩም ከግራፊክሱ ድራይቨር ጋር ነው የሚመጣው። ሪልቴክ የሚያስተዳድረው የላፕቶፑን የራሱን ስፒከርና የኢርፎን ቀዳዳ ነው። እሱን መቶ ጊዜ ብጭነው ለሞኒተሩ ምኑም አይደለም።

ያዳነኝ ባሕር ዳር ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ስደውልለት መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ «እታለም፣ ምንም እንዳትጭኚ። የዊንዶውስ ቁልፍና አር አንድ ላይ ተጫኚ» አለኝ። ትንሽ ሳጥን ወጣች። «አሁን የምልሽን ጻፊ፦ ኤም፣ ኤም፣ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤል።» መስመሩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ ተሳስቼ በአራተኛው ገባልኝ። «ፕሌይባክ» የሚል ገጽ ተከፈተ፤ ድምፅ የሚያወጡ ነገሮች ሁሉ ተደርድረዋል። «ቅጂውን አጫውቺና ከየስማቸው አጠገብ ያለችውን ቀጭን መስመር እያት። አረንጓዴ ሆና የምትዘለው የማን ናት?»

የሞኒተሩ ናት። ተናጋሪው በተናገረ ቁጥር አረንጓዴዋ ብድግ ቁጭ ትላለች፤ ቤቱ ግን ጸጥ እንዳለ ነው።

«እንግዲህ ላፕቶፕሽ እየላከ ነው። ችግሩ ኬብሉ ወይ ሞኒተሩ ጋ ነው፤ ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን አትንኪው» አለኝ።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን አረንጓዴ መስመር ያዙ። መስመሯ ከሞኒተሩ ስም አጠገብ የምትዘል ከሆነ ከኮምፒውተሩ ወዲያ ያለውን ፈልጉ። ከሌላ ስም አጠገብ የምትዘል ከሆነ ድምፁ የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ የሞኒተሩን ስም መርጣችሁ «ሴት ዲፎልት» በሉት። የትም ካልዘለለች ችግሩ ማጫወቻው ጋ ነው፤ ራሱ ፕሮግራሙ ሚዩት ሆኖ ይሆናል። የሞኒተሩ ስም ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ባዶው ቦታ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ የተዘጉትንም እንዲያሳይ «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» የሚለውን ምረጡ፤ አንዳንዴ ስሙ ደብዝዞ እዚያው ተኝቶ ይገኛል፣ በቀኝ ክሊክ «ኢኔብል» ትሉታላችሁ።

ቀጥሎ ሞኒተሩ። ሞኒተር የራሱ ቮልዩምና የራሱ ሚዩት እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከታች በኩል ያሉትን ምልክት የሌላቸውን ቁልፎች በዳበሳ ስጫን ሜኑው ወጣ፤ በጀርመንኛ። ከየትኛው ቢሮ ተነቅሎ እንደመጣ እግዜር ይወቅ። የማታውቁት ቋንቋ ከገጠማችሁ የስልካችሁን የትርጉም አፕ ከፍታችሁ ካሜራውን ወደ ስክሪኑ ማዞር ነው፤ እንደምንም ያነብላችኋል። የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ የእያንዳንዱ ቋንቋ ስም በዚያው በራሱ ቋንቋ ስለሚጻፍ እንግሊዝኛው አይጠፋችሁም።

ወደ እንግሊዝኛ መለስኩትና «ኦዲዮ» ውስጥ ገባሁ። ቮልዩም 80 ነው። ሚዩት አልሆነም። በቃ፣ ስፒከሩ ሞቷል አልኩ። ሜኑውን ልዘጋ ስል ከሥር አንዲት መስመር አየሁ፤ «ኦዲዮ ሶርስ» ትላለች፣ የተመረጠው «ኦዲዮ ኢን» ነው። ወደ ኤችዲኤምአይ ቀየርኳት።

«...እንግዲህ በዚያ ጊዜ እኛ ልጆች ነን!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ በ80 ቮልዩም ቤቱን ሞላው። እማዬ ከጓዳ ወጥታ «ማን ነው የገባው?» አለች፤ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ እንግዳ መስሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ባለቤት ሞኒተሩን የተጠቀመበት በቪጂኤ ነበር ማለት ነው። ቪጂኤ ድምፅ ስለማያመጣ ከኮምፒውተሩ አረንጓዴ የድምፅ መውጫ ቀዳዳ ወደ ሞኒተሩ የድምፅ መግቢያ ኦክስ ኬብል (ሁለቱም ጫፉ እንደ ኢርፎን መሰኪያ የሆነ) ዘርግቶ ሞኒተሩን «ድምፅ ከዚህች ቀዳዳ ውሰድ» ብሎታል። ሞኒተሩም ታማኝ ነው፤ እኔ በኤችዲኤምአይ የላክሁትን ድምፅ እየጣለ ያችን ባዶ ቀዳዳ ሲያዳምጥ ከረመ። የድምፅ መግቢያ ቀዳዳ ያለው ሞኒተር ካላችሁ ይህችን መስመር ሳታዩ ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ። በዚያው ቀዳዳዎቹን ለዩዋቸው፤ መግቢያውና የኢርፎን መውጫው ቅርጻቸው አንድ ነው፣ የሚለዩት አጠገባቸው በተቀረጸችው ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። የኢርፎን መውጫው ላይ ምንም ነገር ተሰክቶ ከሆነ ስፒከሮቹ ዝም ሊሉ እንደሚችሉም አትርሱ። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ የኢርፎን ጫፍም ያው ነው፣ በባትሪ እያበራችሁ እዩት።

ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ሠራሁ።

በአራተኛው ቀን መብረቅ፣ ከዚያ መብራት ሄደ። ሞኒተሩ ጠፋ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። መብራት ሲመለስ ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ከላፕቶፑ ጠጠር ሆኖ ቀረ። ለጎንደር ክረምት ይህ የየቀኑ ነገር ስለሆነ አሁን ሳላስብ ነው የማደርገው። ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ ሲጠፋበት ድምፁን ወደ ራሱ ይመልሳል፤ ሞኒተሩ ሲነቃ ብዙ ጊዜ በራሱ ያዞረዋል፣ አንዳንዴ ግን ይረሳል። ከታች በቀኝ ጥግ ያለችውን የስፒከር ምልክት ተጭኜ ከዝርዝሩ የሞኒተሩን ስም እመርጣለሁ። ስሙ ከሌለ ኤችዲኤምአዩን ነቅዬ እሰካለሁ። እሱም ካልሆነ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ አንድ ላይ፤ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይመለሳል፣ የግራፊክሱ ድራይቨር እንደ አዲስ ተነሳ ማለት ነው። ስሙ እያለ ድምፁ እምቢ ካለ የማጫወቻውን ፕሮግራም ዘግታችሁ ክፈቱት፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ሲከፈት የያዘውን መውጫ ሙጭጭ ብሎ አይለቅም። ሞኒተሩ ራሱ ግራ ከተጋባ ከግድግዳው ሶኬት ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። በቁልፉ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ በቁልፍ ሲጠፋ እንቅልፍ ላይ ነው እንጂ አልጠፋም።

በዚሁ አጋጣሚ፦ መብራት ሲሄድ ሞኒተሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉት፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። መብረቅ ሲጀምርማ የኤችዲኤምአይ ኬብሉንም ጭምር። ድምፅ ፍለጋ ላፕቶፕ ማቃጠል የለም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ መጣ። ላፕቶፑ አንድ ሌሊት ራሱን ሲያዘምን አደረና ጠዋት የሞኒተሩ ስም ከዝርዝሩ ጠፋ፣ ከደበዘዙትም መካከል የለም። ምስሉ ደህና ነው። በዚህ ጊዜ ግን የወንድሜን ትምህርት ስለያዝኩ ሪልቴክን አልነካሁም። «ዲቫይስ ማኔጀር» ከፍቼ የድምፅ ዕቃዎቹ የተዘረዘሩበትን ክፍል አየሁ። እዚያ ውስጥ ከሪልቴክ ሌላ እንደየግራፊክስ ካርዳችሁ ኢንቴል፣ ኤኤምዲ ወይም ኤንቪዲያ የሚል ስም ያለው የድምፅ መስመር መኖር አለበት፤ የሞኒተሩ ድምፅ የሚያልፈው በእሱ ነው። የእኔው ላይ ቢጫ ምልክት ተቀምጦበታል። በቀኝ ክሊክ «አንኢንስቶል» አልኩት፣ ሪስታርት አደረግሁ፣ አልሆነም። የግራፊክሱን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ማውረድ ነበረብኝ፤ ፋይሉ ትልቅ ነው፣ የእኔ ፓኬጅ ትንሽ። አንዲት ደንበኛዬ ከግቢ ዋይፋይ አውርዳ በፍላሽ እስክታመጣልኝ ሳምንት ጠበቅሁ። ስጭነው ስሙ ተመለሰ።

በዚያች ሳምንት ግን ሥራ መቆም ስለማይችል የድሮውን ባለቤት ዘዴ ወሰድኩ፤ ከላፕቶፑ የኢርፎን ቀዳዳ ወደ ሞኒተሩ የድምፅ መግቢያ ኦክስ ኬብል፣ «ኦዲዮ ሶርስ» ወደ «ኦዲዮ ኢን»። ሠራ። ግን ከቃለ መጠይቁ ሥር ንብ እንደገባበት ቀፎ «ዝዝዝዝ» የሚል ድምፅ። ቮልዩም ብቀንስም አይቀንስም። ሳይታሰብ የላፕቶፑ ቻርጀር ከዲቫይደሩ ወለቀ፤ ዝዝታው ቁርጥ አለ። ስሰካው መጣ፣ ስነቅለው ሄደ።

ጎረቤታችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ጠርቼ አሳየኋቸው። ሶኬቱን ፈተው አዩና «ልጄ፣ ይህ ቤት ኤርዝ፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ የለውም፤ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ለጌጥ ናት» አሉኝ። መብራታችን 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ኤርዝ በሌለበት ከቻርጀሩ የሚሾልከው በኦክስ ኬብሉ ሽቦ በኩል ሞኒተሩ ጋ ደርሶ ድምፅ ይሆናል። ላፕቶፑንና ሞኒተሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ስሰካቸው ትንሽ ቀነሰ፣ ላፕቶፑን በባትሪ ስጠቀም ጠፋ። በኤችዲኤምአይ ግን ድምፁ በቁጥር ተለውጦ ስለሚላክ ይህ ዝዝታ አልነበረም፣ አሁንም የለም። አንዳንድ ሰው ዝዝታ ለማጥፋት የሶኬት ራስ ሦስተኛውን ሹል ይሰብራል ሲባል ሰምቻለሁ። እባካችሁ፤ ኤሌክትሪክ እንዳይዛችሁ የምታድናችሁ እሷ ናት።

ትንንሾቹን በአንድ ትንፋሽ ልበላቸው። ድምፁ በጣም ካነሰ ሦስት ቮልዩም አለ፦ የማጫወቻው፣ የዊንዶውሱና የሞኒተሩ፤ አንዱ ከወረደ ሌሎቹ አይክሱትም። እኔ የሞኒተሩን 70 ላይ ትቼ በዊንዶውሱ ነው የምጫወተው። ማክ የምትጠቀሙ ሰዎች በኤችዲኤምአይ ስታገናኙ የኪቦርዱ የቮልዩም ቁልፍ እምቢ ቢላችሁ አልተበላሸም፣ አሠራሩ ነው፤ በሞኒተሩ ሜኑ አስተካክሉ። ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም አረንጓዴዋ እየዘለለች ምንም ካልተሰማ በዚያው «ፕሌይባክ» ገጽ የሞኒተሩን ስም ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ «አድቫንስድ» ውስጥ 16 ቢት፣ 48000 ኸርዝ ምረጡ፤ ከዚያ በላይ የሆነውን አንዳንድ ሞኒተር አይችለውም።

አንዷን ግን እስካሁን አልፈታኋትም፤ ለምጃት እኖራለሁ። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ እንደገና ሲጀምር የመጀመሪያዋ ሰከንድ ትዋጣለች። ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ የሚመጣውን ድምፅ ለመያዝ ትንሽ ጊዜ ስለሚወስድበት ነው። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም አይደለችም። ለእኔ ግን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለምቆም ሰው የተዋጠችው ሰከንድ «አይ» የሚለውን ቃል ይዛ ትሄዳለች፤ «አይ፣ ተስማምተናል»ና «ተስማምተናል» ደግሞ አንድ አይደሉም። ማጫወቻዬን ባቆምኩት ቁጥር ሁለት ሰከንድ ወደኋላ ተመልሶ እንዲጀምር አድርጌዋለሁ።

ስለ ድምፁ ጥራት እንዳትጠይቁኝ። ሁለት ዋት ሁለት ዋት ነው፤ ባስ የለው፣ ሙላት የለው፣ እንደ ድሮ ስልክ ነው። ዘፈን ለመስማት ብላችሁ ከሆነ ስፒከር ላለው ሞኒተር ገንዘባችሁን አታጥፉ፤ ትንሽ የጠረጴዛ ስፒከር ግዙና የሞኒተሩ የኢርፎን መውጫ ላይ ሰኩት። የሰው ንግግር ለመስማት ግን ይበቃል፤ እንዲያውም ባስ ስለሌለው ቃሉ ይለይልኛል።

ጆሮዬ መስከረም ላይ ዳነ። ከሞኒተሩ ጀርባ «ኦዲዮ ሶርስ፦ ኤችዲኤምአይ» ብዬ በፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ ምናልባት አንድ ቀን ስሸጠው ቀጣዩ ባለቤት ጎንበስ ብሎ ካየ። ቅዳሜና እሁድ እማዬ የቅዳሴ ስርጭት ትከታተልበታለች። እኔም ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቼ፣ ምስጢር የያዘ ቅጂ ካልሆነ፣ በስፒከሩ እሠራለሁ። ክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ግን ሁለቱም ስፒከሮች በሙሉ ቮልዩም አንድ ቃል አያሰሙኝም፤ ያኔ ኢርፎኔን አወጣለሁ፣ ለአንድ ጆሮ ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት በግራ ግማሽ ሰዓት በቀኝ።